ከጥግ ድንጋዩ የተነሣው መስመር

እትዬ ያን ጧት ጥግ ድንጋዩ ላይ ቆማ «እኔ በታች በኩል ልሁን» ስትል ታውቅ ነበር?

ይህን ጥያቄ ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ። መልሱን የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ በመጨረሻ ቀኖቿም አጠገቧ ነበርኩ፤ አልጠየቅኋትም። ታውቅ ነበር ብዬ የምውልበት ቀን አለ፤ ያን ቀን እህል አይወርድልኝም። አታውቅም ነበር ብዬ የምውልበትም አለ፤ እሱም ከፊተኛው አይሻልም።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። እዚያው በተወለድንበት በሁሩሙ፣ ከአባታችን ቤት ብዙም ሳትርቅ አገባች። ባሏ ቶሎ ሞተባትና አንዲት ሕፃን ልጅ ይዛ ወደ አባታችን ግቢ ተመለሰች። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ አላውቅም ነበር። አባታችን ወገቡን ታሞ ዓመታት ተኝቷል፤ የሚያነሣውና የሚያስተኛው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። እትዬ ውጭ፣ ቡናውን ስትኮተኩት ትውላለች፤ እኔ ውስጥ፣ አባቴ ራስጌ እቀመጣለሁ። እኩዮቼ ደብተር ይዘው በበራችን ሲያልፉ በመስኮት አያቸው ነበር።

ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ተኝቶ፣ ዳዊቱን ደረቱ ላይ ዘርግቶ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ጀመር፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር። ሱቅ ስላክ መንገድ ላይ ቆሜ ስለምቀር እትዬ «ስኳሩን ልናገኘው ነው ወይስ ወሬውን ልትነግሪን ነው?» ትለኝ ነበር።

አባታችን ሲያርፍ እኔ ልጅነቴን ጨርሼ ነበር። መቱ ከተማ ሄድኩና ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠርኩ። ማታ ማታ ደግሞ ትምህርት ጀመርኩ፤ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ፈትነው ከፍ ካለ ክፍል አስገቡኝ። ስለዚህ ኮምፓስን መጀመሪያ ያወቅሁት በመሸጥ ነው። ለገዢ ከመስጠቴ በፊት ቆርቆሮ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ኮምፓሱን አውጥቼ፣ እግሮቹ የላሉ እንደሆነ አንድ በአንድ እፈትሽ ነበር። እግሩ የላላ ኮምፓስ ክቡን ጀምሮ ሳይጨርስ ይሰፋል፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው አይገናኝም። አንድ ቀን አንዷ ተማሪ መጠበቅ ሰልችቷት «እህቴ፣ ኮምፓስ ነው የምንገዛው፤ ሙሽራ አይደለም የምናጨው» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን መፈተሼን አልተውኩም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ኮምፓሱ በእኔም እጅ ገባ። ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው። ቤታችን ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ላይ ኦሮምኛ ሆኖ ስላደግሁ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ሂሳብ መጀመሪያ የገባኝ በኦሮምኛ ነው። ዛሬም ማዕዘን የሚል ቃል ሳነብ በሆዴ ኮፋ ነው የምለው። መምህራችን ከጎሬ የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የሰሌዳ ኮምፓስ ስላልነበረን ሲባጎ ጠመኔ ላይ ያስርና ሌላውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ረግጦ ይይዛል። ከማዕዘኑ ጫፍ ተነሥቶ ሁለቱን ጎኖች የሚቆርጥ ቅስት ሳበ። ከዚያ ቅስቱ ጎኖቹን ከቆረጠባቸው ሁለት ነጥቦች፣ ሲባጎውን ሳያሳጥር ሳያስረዝም፣ ሁለት ቅስት አሻገረ። የተሻገሩበትን ነጥብ ከጫፉ ጋር በማስመሪያ አገናኘ።

«ቁጥር አልጠቀስኩም» አለን። «ስንት ዲግሪ እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። ግን ሁለት እኩል ሆኗል።»

የሌላው ሰው ሐሳብ የት እንደነበረ እንጃ። አጠገቤ የምትቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ ኮምፓሷ እየተንሸራተተባት «ይሄ ነገር እንደ ሰካራም እግሩን ከፈተብኝ» እያለች ሰውን ታስቃለች። እኔ ግን ቀዝቅዤ ቀረሁ። ሳይለኩ እኩል ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። እኛ ቤት መለካት ማለት ጠብ ማለት ነበር። አባታችን ከጎረቤታችን ጋር በወሰን ሲካሰስ እርምጃ ይቆጠራል፤ የማን እርምጃ ይቆጠር በሚለው ላይ ደግሞ ሌላ ጠብ ይነሣል፤ አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው ሆን ብሎ ያጥራል። እነሆ እርምጃ የማይጠይቅ፣ ማንንም የማያዳላ ነገር ይህ ነው አልኩ። ደብተሬን በማዕዘን ሞላሁት። እንደ ቢላዋ የሾለውንም፣ እንደ እጅ የተዘረጋውንም ከፈልኩ። እርሳሱን አሹዬ አሹዬ አሳጠርኩት።

በዚያው ሰሞን ነው ከሁሩሙ የተጠራሁት። ቀበሌው መሬቱን በየስሙ ሊመዘግብ ነው ተባለ፤ የአባታችን ግቢ እስከዚያ ድረስ አልተከፈለም ነበር። አልተጣላንበትም። እትዬ እዚያው ትኖርበታለች፤ እኔ መቱ ነኝ። ግን መዝጋቢዎቹ ሳይመጡ በሽማግሌ ፊት ተከፍሎ ይለቅ ተባለ።

ግቢው ሦስት ማዕዘን ነው። በላይ በኩል የመኪናው መንገድ ያልፋል። በታች በኩል ወደ ምንጩ የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ አባታችን የተከለው ትልቅ ድንጋይ ነበር። በስተኋላ፣ ከድንጋዩ ፊት ለፊት፣ የጎረቤታችን ባህር ዛፍ ተሰልፏል፤ ያ ሦስተኛው ወሰን ነው። የባህር ዛፉ ሰልፍ ዘመም ብሎ ስለሚሄድ የላይኛው ጎን አጠር፣ የታችኛው ጎን ረዘም ይላል። መካከሉ ሁሉ ቡና ነው፤ ለጥላ የቆሙ ዋንዛዎች አሉበት፤ ዋንዛዎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ሁለታችንም መውጫ እንዲኖረን ክፍፍሉ ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ባህር ዛፉ መሄድ ነበረበት፤ አንዷ የላዩን መንገድ፣ አንዷ የታቹን ትይዛለች። እዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከጎሬ የመጡ የአባታችን የድሮ ወዳጅ፣ ሁለተኛው ባለ ባህር ዛፉ ጎረቤት፣ ከአባታችን ጋር ሲካሰሱ የኖሩት ራሳቸው። የጎሬው ሽማግሌ መስመሩ በየት ይለፍ ብለው ሲጀምሩ እኔ «ልክፈለው?» አልኩ። በሰው ፊት መናገር የማልወድ ሰው እንዴት ይህን እንዳልኩ አላውቅም። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «ክፈይው፤ ግን ከፋይ አይመርጥም። አንቺ ከከፈልሽ ታላቅሽ ትመርጣለች» አሉኝ። ደስ አለኝ። ይህ የአገሩ ሕግ ለእኔ ክብር መሰለኝ፤ የእኔ አከፋፈል የትኛውም ቢደርሰኝ የማልፈራው ነውና።

ድንጋዩ ሥር ችካል ተከልኩ። ገመድ አሰርኩበትና ወጥሬ ይዤ፣ በቡናው መካከል እየተሽሎከሎክሁ ከላዩ መንገድ እስከ ታቹ ዞርኩ። ገመዱ ሁለቱን ወሰኖች የነካበት ቦታ ላይ ሁለት ችካል። ከሁለቱ ችካሎች እንደገና በዚያው ገመድ፣ አንድ ጊዜ ከወዲህ፣ አንድ ጊዜ ከወዲያ መሬቱን በእንጨት ጫርኩ። ጭረቶቹ የተሻገሩት አንድ ዋንዛ አጠገብ ነው። ጎረቤታችን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይከተሉኝ ነበር።

«መሬቱን ልትሰፊው ነው እንዴ?» አሉ። «እኔና አባትሽ በእርምጃ ተጣልተን በእርምጃ ታርቀናል። በሲባጎ የታረቀ ሰው ግን አላየሁም።»

እንዲያምኑኝ ፈለግሁ። ገመዱን ከድንጋዩ እስከ ባህር ዛፉ ወጠርኩትና «ከዚህ መስመር ላይ የፈለጉትን ቦታ ይምረጡ» አልኳቸው። አንድ ቦታ ላይ በከዘራቸው መቱ። ከዚያ ቦታ ወደ ላዩ መንገድ በአጭሩ፣ ከዚያው ቦታ ወደ ታቹ መንገድ በአጭሩ በሌላ ገመድ ለካሁላቸው። እኩል ነው። ሌላ ቦታ መቱ፤ እሱም እኩል ነው። ሦስተኛም ሞከሩ። በመጨረሻ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው «ቶሌ» አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። «ይቺ ልጅ ቀደም ብላ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ እኔና አባቷ ያን ሁሉ ዓመት ፍርድ ቤት ባልተመላለስን።»

ያሳየኋቸው ነገር እውነት ነበር። ዛሬም እውነት ነው። ይህን ሳስብ ነው እስካሁን ፊቴ የሚግለው።

ከዚያ እትዬ የልጇን እጅ እንደያዘች ድንጋዩ ላይ ወጣች። የላዩን አየች። የታቹን አየች፤ ወደ ታች ስታይ የቆየች ይመስለኛል፤ ወይ ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ያስቆየኋት እኔ ነኝ። ከዚያ እኔን አየችኝና ያን ቃል ተናገረች።

«እኔ በታች በኩል ልሁን። ውሃው ይቀርበኛል።»

የጎሬው ሽማግሌ መንገዱን ለታናሽሽ ተውሽላት፣ ይባርክሽ ብለው መረቋት። ሁላችንም አሜን አልን። መስመሩ ላይ ግራዋ ተከልን። እኔ በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ መቱ ገባሁ፤ መንገዱን ሁሉ እጄን አይ ነበር፤ ገመዱ መዳፌን ልጦታል፤ ቁስሉ ራሱ ያኮራኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጎኖቹ የማይመሳሰሉ ሦስት ማዕዘን ሣለ። ከአንዱ ጫፍ ሦስት መስመር አወረደ። አንደኛው ማዕዘኑን ለሁለት እኩል የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ከፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ለሁለት እኩል የሚከፍለው ነው። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቁመቱ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ሦስቱ መስመሮች አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ካልሆኑ ይለያያሉ አለን። ከዚያ ዞሮ ጠየቀን፤ ይህ ሦስት ማዕዘን መሬት ቢሆን ስፋቱን እኩል የሚያካፍለው የትኛው ነው?

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀድማ «ማዕዘኑን የሚከፍለው» አለች። እኔም በሆዴ እንደዚያው ብያለሁ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። የፊት ለፊቱን ጎን የሚከፍለው ነው፤ መሠረታቸው እኩል፣ ቁመታቸው አንድ ይሆናልና። ማዕዘኑን የሚከፍለው ግን በረጅሙ ጎን በኩል ላለው ያበዛል። ይህን ብሎ እጁን አራገፈና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

የቀረውን ትምህርት አልሰማሁም። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ከደብተር ካርቶን ላይ ግቢውን አሳንሼ ቆረጥኩ፤ አጭር ጎን፣ ረጅም ጎን፣ ዘመም ያለ የባህር ዛፍ ወሰን። ማዕዘኑን በኮምፓስ ከፈልኩና በመስመሩ ላይ ቆረጥኩ። ቁራጮቹን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ካሬዎቹን ቆጠርኩ። የእኔ ሁለት እጅ ከሆነ የእሷ ሦስት እጅ ነው። ሌላ ካርቶን ቆርጬ ደገምኩት፤ ያው ነው። ማድረግ የነበረብኝ ባህር ዛፉን ዳር ለዳር በገመድ ለክቼ ገመዱን ማጠፍ ብቻ ነበር። ኮምፓስ እንኳ አያስፈልገውም። ግን ያን ሰሞን የተማርኩት ኮምፓስ ነበር፤ ያየሁትም መሬቱን ሳይሆን ማዕዘኑን ነው።

ለእትዬ ልንገራት ብዬ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቆርጬ ነበር። ሐፍረቱ ያዘኝ። በሽማግሌ ፊት ልክፈለው ብላ የተነሣችው እኔ፣ አላምን ያሉትን በገመድ ያሳመንኳቸው እኔ። ደግሞስ ምን ብዬ ልነግራት ነው? እሷ ባል የሌላት፣ ልጅ የምታሳድግ፤ እኔ ሆዴን ብቻ የማሳድር ሰው። ይብዛላት ብዬ ብተወው ደስ ባለኝ። አንድ ሐሳብ ግን መጣብኝና ደስታውን ወሰደው። እትዬ ያን መሬት ዕድሜዋን ሙሉ ኮትኩታዋለች። የላዩ ጎን ስንት ቀን ይፈጃል፣ የታቹ ስንት ይፈጃል፣ ወገቧ ያውቀዋል። ድንጋዩ ላይ ቆማ ወደ ታች ያየችው ለዚህ ቢሆንስ? መንገዱን ለታናሿ ተወች ተብላ ስትመረቅ ዝም ያለችው ለዚህ ቢሆንስ?

መጠየቅ ማለት ጠርጥሬሻለሁ ማለት ነው። ያዘለችኝን ሰው እንዲህ ልላት አልቻልኩም። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝምታውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መሄድ አሳነስኩ። በዓል ሲደርስ ሱቅ አይዘጋም እያልኩ አሳብባለሁ፤ ስሄድም ሳልቀመጥ እመለሳለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ፤ ይህን እንኳ የሰማችው ከሰው ነው።

እትዬ ከተከፋፈልን ጀምሮ በየዓመቱ ከለቀማ በኋላ የደረቀ ቡና በማዳበሪያ ጆንያ ሞልታ በሚኒባስ ትልክልኝ ነበር። የእኔን ድርሻ የምትንከባከበው እሷው ናት፤ ምርቱን ለብቻ ታስረክበኛለች። ይህ ግን ከዚያ ላይ የሚመጣ፣ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ስጦታ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ መዝገበ ቃላት ገዛሁበት። ጥርጣሬው እየበረታብኝ ሲሄድ ግን ጆንያው በመጣ ቁጥር እንደ አፍ ማዘጊያ ያለ ነገር ሆኖ ይታየኝ ጀመር። አንድ ዓመት ሾፌሩ መናኸሪያ ላይ ጠርቶ ሲያስረክበኝ መልሰው ይውሰዱላት፣ አልቸገረኝም ይበሉልኝ አልኩት። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምንለው። ጆንያውንም እኔንም አየ።

«ልጄ፣ ቡና ነው የላከችልሽ፤ ክስ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ጣሪያው ላይ መልሶ ጫነው።

በሚቀጥለው ዓመት እትዬ ራሷ መጣች። ጆንያውን ከመናኸሪያ በባጃጅ አምጥታ፣ ከባጃጁ እስከ በሬ ራሷ ተሸክማ፣ ደፍ ላይ አወረደችው። ላብ በላብ ሆናለች። «ግቢ» እንኳ ሳልላት ተናገረች።

«ያንቺው ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ውስጥ ሁለት ቃል ተዘጋጅቶ ነበር፤ «እንዴት የእኔ?» የሚል። ያን ጊዜ ብናገረው መልሱን ዛሬ አውቀው ነበር። ያልኳት ግን «እዚያ አስቀምጪው» ነው። አስቀመጠችው። ውሃ ጠየቀችኝና ጠጣች። መደርደሪያዬን ቀና ብላ እያየች «ይሄን ሁሉ አነበብሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እና ምን ይላል?» ብላ ሳቀች፤ ያን የልጅነታችንን፣ የስኳሩን ሳቅ። እኔ ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። መኪና እንዳያመልጣት ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መላኳን አላቆመችም፤ እኔም አልመለስኩም። ግን አልጠየቅኋትም። ስትታመም መቱ ሆስፒታል አምጥተን አስተኛናት። ሥራ ስወጣ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄጄ አልጋው አጠገብ እቀመጣለሁ። ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ስለ ልጇ እናወራለን። አንድ ቀን ዓይኗን እንደ ጨፈነች «ለቀማው እንዳያልፋት ንገሪያት፤ የላዩ ፍሬ ቶሎ ይቀላል» አለችኝ። የላዩ የእኔ ነው። መሬቱን ከጠቀሰችው አሁን ልጠይቃት ብዬ ወደ ፊት ጠጋ አልኩ። ፊቷን ሳየው ትንሽ ተኚ አልኳት። ተኛች። ሌላ ቀን እኮ አለ ብዬ ነበር። አልነበረም።

ልጇ አሁን ትልቅ ሴት ናት። መንገድ ዳር፣ በእኔ ድርሻ ላይ፣ የቡናና የአቮካዶ ችግኝ እያፈላች ትሸጣለች። አስፋልት ከመጣ ወዲህ መኪና የሚቆምላት እዚያ ነው፤ እናቷ የተወችልኝ መንገድ እሷን ያበላል። ባለፈው ዓመት ለቀማ ሊደርስ ሲል ደወለችልኝ። ፍየል እየገባ ችግኙን ስለፈጀው ዳር ዳሩንም መካከሉንም በሽቦ ልታጥረው ነው፤ የመካከሉ ወሰን ግን ጠፍቶባታል፤ መጥተው ያሳዩኝ አለች።

ጥግ ድንጋዩ አሁንም አለ፤ ግማሹን አፈር ውጦታል። ሽቦውን በጥቅልሉ ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።

«አክስቴ፣ በየት ይለፍ? ግራዋው ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ጫካ ሆኗል። የከፈሉት እርስዎ ነዎት አሉ፤ በገመድ ሽማግሌ ያሳበዱት።»

ጣቴን ወደ ዋንዛው አንሥቼ በዚያ በኩል ልላት ነበር። እጄ ተነሥቶ ተመለሰ።

«በትክክል አልከፈልኩትም» አልኳት።

«ግራዋው ነው የጠመመው?»

«ግራዋው ደህና ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የእናትሽ ጎን ይበልጣል።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። በእንጨት መሬቱ ላይ ሦስት ማዕዘኑን ሣልኩላት፤ ማዕዘኑን የሚከፍለውን መስመር፣ ባህር ዛፉን የሚከፍለውን መስመር፣ በሁለቱ መካከል የቀረውን ሽብልቅ። ካርቶኑን ነገርኳት። የመለስኩትን ጆንያ ነገርኳት። ደፍ ላይ የተባልኩትን ቃል ነገርኳት። እሷ የምስለውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«አልጠየቋትም?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ለምን?»

ለዚህ ያዘጋጀሁት ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ሐፍረቱ፣ ባል የሌላት መሆኗ፣ ያዘለችኝ መሆኗ። አንዱም አልመጣልኝም። «እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ ፈርቼ» አልኳት።

ቁጭ ብላ ከሣልኩት ላይ፣ ከሽብልቁ ዳር፣ በጣቷ አንድ ነጥብ አስቀመጠች። እዚህ ጋ በአግድም የሚሄድ ረድፍ አለ አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስሙ የአክስቴ ረድፍ ነው። ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው ይሰጣል፣ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ እናቷ ራሷ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አንድ ጊዜ ልጅ ሳለች ከሌላው ጋር አደባልቃው ተቆንጥጣለች።

«ለምን የአክስቴ እንደተባለ ጠይቄያት አላውቅም» አለች። «ስም መስሎኝ ነው፤ እንደ ሰው ስም።»

ገመድ አመጣች። ባህር ዛፉን ዳር ለዳር ለካን፤ ገመዱን አጠፍነው፤ እጥፋቱ ያረፈበት ላይ ችካል ተከልን። እሷ ችካሉ ጋ፣ እኔ ድንጋዩ ጋ ሆነን ወጠርነው። ያኔ መሄድ የነበረበት መስመር ይህ ነው። ረድፉን መካከሉ ላይ ቆረጠው፤ ግማሹ ወደ እኔ ቀረ፣ ግማሹ ወደ እናቷ። አውቃ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ወደ እኔ የሚያስቀር ሌላ ረድፍ አታጣም ነበር አልኩ በሆዴ። ካላወቀች ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቡና መካከል ይህን ለምን መረጠችው?

ልጅቷ ገመዱን እየጠቀለለች በቡናው መካከል ወደ እኔ መጣች። ሽቦው የት ይለፍ ብላ እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም። ጥቅልሉን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዳር ዳሩ ይበቃል፣ ፍየሉ የሚገባው ከውጭ ነው አለች።

«የእርስዎ ረድፍ ግን ዘንድሮም ለብቻው ነው የሚለቀመው። በሚኒባስ እልከዋለሁ።»

«አትላኪው» አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «እኔ ራሴ መጥቼ እለቅመዋለሁ።»